ከቺፑ ሥር ያለው ምልክት

ሽማግሌው የተገኙት በደረታቸው ተደፍተው፣ የብረት መደርደሪያ ከወገባቸው በታች ተጭኗቸው ነው። በዙሪያቸው ትራንስፎርመሮች፣ የሽቦ ጥቅሎችና አቧራ የጠጡ የድሮ ኮምፒዩተር ቦርዶች ተበትነዋል። ከአንገታቸው ተለይቶ የማያውቀው አጉሊ መነጽር ከነማሰሪያው ወደ ጎን ተንሸራቷል። በሚሠሩበት የኤሌክትሮኒክስ ኢንስቲትዩት ውስጥ ትልቅ ትንሹ «ጋሽ አጉሊ» የሚላቸው በዚሁ መነጽር የተነሣ ነበር።

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ ከቀኑ አሥራ አንድ ተኩል ሆኖ ነበር። ጉዳዩ ግን እሷ ሳትደርስ ያለቀ ይመስል ነበር። አዛዡ በስልክ «መደርደሪያ የወደቀባቸው አዛውንት ናቸው፤ አይተሽ ፈርመሽ ተመለሺ» ብሏታል። አብሯት የመጣው ሃምሳ አለቃ፣ ጡረታው አራት ወር የቀረው ቦርጫም ሰው፣ በሩ ላይ ቆሞ አንገቱን ወደ ውስጥ አሰገገና «አደጋ ነው» አለ።

«ሳትገባ?»

«ከዚህም ይታያል።»

አልፋው ገባች። ጉልበቷ እየተንቋቋ ቁጢጥ አለችና የሽማግሌውን ማጅራት አየች። ቁስሉ ከራስ ቅላቸው በስተኋላ ነው፤ ጠባብና ጥልቅ። መደርደሪያው ደግሞ እግራቸው ላይ ነው ያረፈው፤ ጭንቅላታቸው ጋ የደረሰ የመደርደሪያ ብረት የለም።

«ከላይ የወደቀ ትራንስፎርመር ይሆናላ» አለ ሃምሳ አለቃው።

«ይሆናል።» ይህን ቃል አትወደውም። ሬሳውን የመረመረው ሐኪምም ይህንኑ ቃል ነበር የጨመረላት፤ ክፍሉ ውስጥ ማሞቂያው እስከ ጥግ ድረስ ስለተከፈተ የሞቱበትን ሰዓት በትክክል መናገር እንደማይችል፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀምሮ እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ባለው ጊዜ ውስጥ ሊሆን እንደሚችል ነግሯት ቦርሳውን ዘጋ። ስድስት ሰዓት ሙሉ። ከዚያ ይልቅ «ዛሬ ነው የሞቱት» ቢላት ይሻላት ነበር።

ቀና ብላ ክፍሉን ቃኘች። በምሥራቅ በኩል አንድ መስኮት አለ። ከመስኮቱ ሥር ሰፊ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ክዳኑ ወደ ላይ የቆመ ስካነር፣ ከጎኑ እንደ ሣጥን የወፈረ አሮጌ ኮምፒዩተር ተቀምጧል። የስካነሩ መስታወት ላይ አንድ አረንጓዴ ቦርድ በፊቱ ተደፍቷል። ኮምፒዩተሩ ጠፍቷል።

ሬሳውን ያገኘው የሟች የእህት ልጅ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ሠላሳ አምስት ዓመት ይሆነዋል፤ አንድ ጉንጩ ኳስ አህሏል።

«መንጋጋዬን ተነቅዬ ነው» አላት በአንድ ወገን አፉ። «ጠዋት ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት ጥርስ ሐኪም ጋ ነበርኩ። ከዚያ ቤቴ ገብቼ ተኛሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ላየው መጣሁ።»

«ኮምፒዩተሩን አንተ ነህ ያጠፋኸው?»

«ምንም አልነካሁም። ጠፍቶ ነው ያገኘሁት። እኔም ገርሞኛል፤ አጎቴ ማታ ወደ ቤቱ እስኪሄድ ድረስ አያጠፋውም።»

«ለምን?»

«ለመነሣት ሩብ ሰዓት ይፈጅበታላ። የሰዓት መያዣ ባትሪው ደግሞ ሞቷል። በተከፈተ ቁጥር ቀንና ሰዓት ይጠይቃል፤ ካልነገሩት አይንቀሳቀስም። አጎቴ በኮሪደሩ ያለፈውን ሁሉ ‹ስንት ሰዓት ነው?› እያለ ሲጮህበት ነው የሚውለው። አዲስ እንግዛልህ ብንለው ስካነሩ ከሌላ ኮምፒዩተር ጋር አይግባባም ብሎ እምቢ አለ።»

«ሥራቸው ምን ነበር በትክክል?»

ሰውየው ጉንጩን ይዞ አስረዳት። ኢንስቲትዩቱ ባለፉት ዓመታት ከየግምጃ ቤቱ የተለቀሙ በመቶ የሚቆጠሩ ቦርዶች አሉት። የየትኛው ማሽን አካል እንደነበሩ የሚያውቅ የለም። ጋሽ አጉሊ እያንዳንዱን ከፊቱም ከጀርባውም ስካን ያደርጋሉ። ቦርዶቹ ላይ በተሰኩት ትንንሽ ጥቁር ቺፖች ላይ የደበዘዘውን ጽሑፍ በጎን መብራት ፎቶ ያነሣሉ። ከዚያ ከድሮ መጻሕፍት ጋር እያስተያዩ ማንነቱን ይጽፋሉ።

ኮምፒዩተሩን አስከፈተችው። አሥራ ስድስት ደቂቃ ጠበቁ፤ ሃምሳ አለቃው ሁለት ጊዜ አዛጋ። በመጨረሻ ስክሪኑ ሰዓት ጠየቀ፤ የእህት ልጅ ጻፈለት። የመጨረሻው ስካን መስታወቱ ላይ ያለው ቦርድ ነበር። የተቀመጠበት ሰዓት የዚያኑ ዕለት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ይላል።

«በቃ» አለ ሃምሳ አለቃው። «ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ በሕይወት ነበሩ።»

«ወይም አንድ ሰው ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ነው ብሎ ጽፎለታል። ይኼ ልጅ አሁን ሲጽፍ አላየኸውም? ‹የሚቀጥለው ዓመት ነው› ቢለውም ያምነው ነበር።»

«ማን እንዲህ ያደርጋል?»

«ሥራ ላይ ሳለ መደርደሪያ የወደቀበት ሰው ተነሥቶ ኮምፒዩተር አያጠፋም፤ ይኼን ብቻ ነው የማውቀው።»

ይህንኑ ለአዛዡ በስልክ ነገረችው። አዛዡም ነገሩ አደጋ ካልሆነ እንግዲያውስ ከዘጠኝ ሰዓት ከሃያ በኋላ ብቻውን የነበረውን፣ ሬሳውንም ያገኘውን የእህት ልጅ ለምን አላሰርሽውም አላት። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ለረጅም ጊዜ ዓይኗን ጨፍና ቆየች። አንድ ሰው በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሁለት ጊዜ እንዴት ይሳሳታል?

በማግሥቱ ጠዋት ሦስት ሰዎች አነጋገረች። ለሌላ ሰው ምክንያት አልነበራትም፤ የዚያን ክፍል ቁልፍ የያዙት ከሟች ሌላ ሦስቱ ብቻ ነበሩ።

የእህት ልጅን አስቀድማ ጠራችው። ጉንጩ ይብስ አብጧል።

«የፅዳት ሠራተኛዋ ሰኞ ዕለት ስትጯጯኹ ሰምታለች።»

«እውነት ነው። ደክሞታል፤ ዓይኑም እየፈዘዘ ነው። ‹በስልክ ፎቶ አንሣው፣ ይበቃል› አልኩት። እሱ ግን አይሰማም። እያንዳንዷን መስመር ካላየሁ ብሎ...» በእጁ ጉንጩን ሸፍኖ ወደ መስኮቱ ዞረ።

«ያ ቦርድ ምንድን ነው?»

«ዋናው እሱ ነው። የመጀመሪያው፣ እዚሁ ኢንስቲትዩት የተነደፈ ቦርድ። ከአርባ ዓመት በፊት ፕሮፌሰሩ ነደፉት ተብሎ በየመጽሔቱ ወጥቷል። ጠፍቶ ነበር፤ ባለፈው ወር አሮጌው ሕንፃ ሲፈርስ ካርቶን ውስጥ ተገኘ። ቅዳሜ በፕሮፌሰሩ ስም የተሰየመው አዳራሽ ሲመረቅ በመስታወት ሣጥን ይቀመጣል። አጎቴ ካርቶኑን ከተረከበ ጀምሮ ከእሱና ከእኔ በቀር ማንም አልነካውም።»

ቀጥላ የግምጃ ቤት ኃላፊዋ ዘንድ ወረደች። ሴትዮዋ ከሰባ ዓመት አይርቁም፤ ጡረታ ከወጡ በኋላም የሚተካቸው ሰው ስላልተገኘ በኮንትራት ቀርተዋል። ግምጃ ቤቱ ከመርማሪዋ ቢሮ ይልቅ ንጹሕ ነበር። በእያንዳንዱ ሣጥን ላይ በእጅ የተጻፈ ካርድ ተንጠልጥሏል፤ በእያንዳንዱ ካርድ ጥግ ላይ ክር የገባባት ትንሽ መርፌ ተሥላለች።

«ጋሽ አጉሊን ያውቋቸዋል?»

«ሠላሳ ስምንት ዓመት።»

«ጠላት ነበራቸው?»

«ጊዜ አልነበራቸውም፣ ልጄ፤ ቦርዱ መቼ ፋታ ይሰጣል።»

«ትናንት የት ዋሉ?»

«ከሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ለምረቃው የመጣውን ወንበር ስረከብ። ሾፌሩንና ሦስቱን ተሸካሚዎች ጠይቂ፤ ቆጠራ ላይ ሲያጭበረብሩኝ ስንጨቃጨቅ ነው የዋልነው። ከሰዓት እዚሁ ብቻዬን ነበርኩ።»

«ስለዚያ ቦርድ የሚያውቁት ነገር አለ?»

ሴትዮዋ አንድ ካርድ አስተካከሉ። «እኔ ዕቃ ጠባቂ ነኝ» አሉ። መርማሪዋ እንደምንም ልታነጋግራቸው ሞከረች፤ እሳቸው ግን «አዎ» እና «አይ» ብቻ እየመለሱ አሰናበቷት። ደረጃውን እየወጣች «ሰው እንዴት እውነቱን እየተናገረ ይደብቀኛል?» ብላ ተበሳጨች።

ፕሮፌሰሩ በሰፊ ቢሮአቸው ተቀብለዋት ወንበር ሳቡላት። ቀጠን ያሉ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው።

«ትልቅ ሐዘን ነው» አሉ። «ጋሽ አጉሊ የዚህ ቤት ትውስታ ነበሩ።»

«ትናንት ከሰዓት የት ነበሩ?»

«ከስምንት እስከ አሥራ አንድ አዳራሽ ውስጥ ንግግር ሳደርግ። ስልሳ ሰው ምስክር አለኝ፤ ግማሹ ተኝቶ ካልነበረ።»

«ጠዋትስ?»

ትንሽ ገረማቸው። «ጠዋት? እዚሁ ቢሮዬ፣ ብቻዬን። ንግግሬን ሳዘጋጅ።»

«ቦርዱን ከተገኘ ወዲህ አይተውታል?»

«አልፈለግሁም። ቅዳሜ ሣጥኑ ውስጥ ሆኖ ላየው ነው ያሰብኩት። ከሠራሁት ወዲህ አልነካሁትም፤ አርባ ዓመት ሆነ። ለመሆኑ እንደዚያ ያለ ነገር ላይ ስንት ሌሊት እንደሚታደርበት ያውቃሉ?»

«አላውቅም» አለች። እውነቷን ነበር።

ወደ ክፍሉ ተመልሳ ኮምፒዩተሩን አስነሣችው። የጠዋቱ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ዓይኗ ላይ አረፈች። መጋረጃ የለም። በአንድ እጇ ግንባሯን እየጋረደች፣ በሌላው የሽማግሌውን ስካኖች አንድ በአንድ ከፈተች። የእህት ልጅ ከኋላዋ ቆሟል፤ ሃምሳ አለቃው ወንበር ላይ ተደላድሏል።

የቦርዱ የመጀመሪያ ስካን ካለፈው ዓርብ ነው። ዳራው ድቅድቅ ጥቁር፤ ከግርጌው ማስመሪያ ተጋድሟል። የትናንቱ ስካን ግን ማስመሪያ የለውም። ዳራው አመድማ ነው፤ በቀኝ ጠርዙ በኩል ደግሞ ከላይ እስከ ታች የዘለቀ ነጭ የብርሃን ዘንግ አለ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ከውጭ የገባ ብርሃን ነዋ። ቦርዱ ወፍራም ስለሆነ የስካነሩ ክዳን አይዘጋም። ለዚህ ነው አጎቴ ሁልጊዜ ያንን ጥቁር ጨርቅ የሚያለብሰው።»

ጨርቁ ከጠረጴዛው ጥግ በሥርዓት ታጥፎ ተቀምጧል።

«ሳያለብሱ ስካን አድርገው ያውቃሉ?»

«አጎቴ? ጨርቁን ከሚረሳ ሱሪውን ቢረሳ ይቀለዋል።»

ከዚህ በኋላ የፋይሎቹን ቁጥር አየች። ፕሮግራሙ በራሱ ነው የሚቆጥረው፤ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት አለ፣ ከዚያ በቀጥታ ሁለት መቶ አሥራ አምስት። መሀል ላይ ሁለት ስካኖች ተሰርዘዋል። ምን እንደነበሩ ለማወቅ ከኮምፒዩተሩ ጋር አንድ ሰዓት ታገለች፤ ሁለት ጊዜ ተንቀረፈፈ፣ አንድ ጊዜ ጭራሽ ደርቆ ቀረና እንደገና ሰዓት ጠየቃት። «አሁን ስንት ሰዓት ቢሆን ምን አገባህ?» አለችው ጥርሷን ነክሳ። ሃምሳ አለቃው ሳቁን በሳል ሸፈነ።

ቀና ስትል ፀሐይዋ ዓይኗ ላይ የለችም። ወደ ላይ ወጥታ ከመስኮቱ በላይ ባለው የጣሪያው ክፈፍ ተጋርዳለች። ጠረጴዛው ጥላ ለብሷል።

«ስንት ሰዓት ነው?»

«አምስት ተኩል» አለ ሃምሳ አለቃው። «እርስዎም እንደ ሽማግሌው ሆኑ።»

«ፀሐይ ከዚህ በኋላ ተመልሳ ትገባለች?»

«የለም» አለ የእህት ልጅ። «ከሰዓት ይኼ ክፍል ዋሻ ነው።»

ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ እስኪሆን ድረስ ከዚያ አልተነቃነቀችም። ልክ በሰዓቱ ሌላ ቦርድ ያለ ጨርቅ አስቀምጣ ስካን አስደረገች። ጠርዙ ላይ ምንም ብርሃን አልወጣም፤ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ነው። የትናንቱ ስካን በጠዋት የተሠራ ነበር ማለት ነው።

ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ነገር ግን ፀሐይ የሰው ስም አትጠራም። ለአዛዡ ደውላ ስታስረዳው «በአንድ ነጭ መስመር ፕሮፌሰር ልታሳስሪኝ ነው?» አላት። የማንንም ስም አልጠራችም ነበር፤ እሱ ግን ከሦስቱ ጠዋት ምስክር የሌለው ማን እንደሆነ በራሱ ደርሶበታል። ደርሶበትም አልፈለገውም።

ተናድዳ ሁለቱን ስካኖች ጎን ለጎን አድርጋ፣ በሽማግሌው አጉሊ መነጽር ስክሪኑ ላይ ተደፋች። ቦርዱ ላይ ሃያ አራት ቺፖች በአራት ረድፍ ተሰልፈዋል። እያንዳንዳቸው በአንድ ጫፋቸው ላይ ጥፍር የነካት የምትመስል ጎድጓዳ ምልክት አላቸው። በትናንቱ ስካን ሁሉም ጎድጓዳቸው ወደ ግራ ነው። በዓርቡ ስካን ግን ሃያ ሦስቱ ወደ ግራ፣ ከሦስተኛው ረድፍ ያለችው አንዷ ብቻ ወደ ቀኝ።

«ይህቺ ለምን ዞረች?»

የእህት ልጅ ጎንበስ ብሎ አየ። ቀለሙ ተለወጠ። «ትክክለኛው የዓርቡ ነው። ነዳፊው መስመር ለማሳጠር አንዷን ብቻ ገልብጦ ነው የነደፈው፤ አጎቴ ያኔ ጠርቶ አሳይቶኛል፣ እንዴት እንደተደሰተባት። አሁን ግን አንድ ሰው ቺፑን አውጥቶ እንደ ሌሎቹ አድርጎ መልሶታል። እንዲህ ሆኖ ኤሌክትሪክ ቢያገኝ ይቃጠላል።»

«እንዴት ይወጣል? ከሥሩስ ምን አለ?»

«ሶኬት ላይ ነው የተሰካው፤ በመንቀያ ይወጣል። ከሥሩ ባዶ የቦርድ ገላ ብቻ ነው ያለው።»

«ጓንት አድርግና አውጣው።»

ልጁ ጓንቱን አጥልቆ፣ እንደ ጉጠት ያለውን መንቀያ ከሁለት ወገን አስገብቶ፣ ትንፋሹን ውጦ ሳበ። ቺፑ ወጣ። ከሥሩ፣ ለአርባ ዓመት ብርሃን ሳይነካው የቆየ አረንጓዴ ገላ ላይ፣ ከቦርዱ መስመሮች ጋር አብሮ በመዳብ የወጣ ምልክት ነበር፤ ክር የገባባት ትንሽ መርፌ።

ያቺን መርፌ የማያውቅ የኢንስቲትዩቱ ሰው የለም፤ ከምድር ቤት ወረቀትና ሳሙና የወሰደ ሁሉ አይቷታል።

ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሁሉንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ፕሮፌሰሩ ወንበር ተሰጣቸው፤ የግምጃ ቤት ኃላፊዋ መቀመጥ አልፈለጉም። የእህት ልጅ በሩ አጠገብ ቆመ። አዛዡም መጥቷል፤ ሰዓቱን እያየ። ፀሐይ ጠረጴዛው ላይ ተንጣልላለች።

ኢንስፔክተሯ በልኩ የታተመ የቦርዱን ፎቶ ዘረጋች። አንዱ ሶኬት ባዶ ነው፤ ከመሀሉ ያለውን ምልክት በነጭ ወረቀት ሸፍናዋለች። ከፎቶው አጠገብ ከሌላ ቦርድ የተነቀለ ተመሳሳይ ቺፕ አስቀመጠች።

«ፕሮፌሰር፣ ቦርዱ የእርስዎ ነው። ይህን ቺፕ ቦታው ላይ ያስቀምጡልኝ።»

ፈገግ አሉ። ቺፑን በሁለት ጣት አንሥተው፣ ጎድጓዳውን እንደ ሌሎቹ ወደ ግራ አድርገው አስቀመጡት።

«ተገልብጧል» አሉ የግምጃ ቤት ኃላፊዋ በቀስታ። ማንም ሳይጠይቃቸው ነው የተናገሩት፤ ወዲያው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

«አዎ፣ ተገልብጧል» አለች ኢንስፔክተሯ። «ነገሩን ከመጀመሪያው ልናገር። ጋሽ አጉሊ ሥራ ላይ እንዳሉ መደርደሪያ ወድቆባቸው ሞቱ ተባለ። ነገር ግን ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ ተገኘ፤ ቁስሉም መደርደሪያው ያልደረሰበት ቦታ ላይ ነው። ቀጥሎ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ በሕይወት ነበሩ ተባለ። ሰዓቱን የነገረን ግን ያሻነውን የምንነግረው ኮምፒዩተር ነው። ይህን ስካን እዩት። ጨርቅ አልለበሰም፣ ማስመሪያ የለውም፤ ጋሽ አጉሊ እንዲህ አድርገው አያውቁም። ጠርዙ ላይ ያለው ብርሃን አሁን እዚህ ጠረጴዛ ላይ የምታዩት ፀሐይ ነው፤ ከአምስት ተኩል በኋላ ወደዚህ ክፍል አይገባም። ስለዚህ ሌላ ሰው በጠዋት ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ አስነሣው፤ ሰዓቱን ወደፊት ጽፎ ስካኑን ሠራ፤ ከዚያም ሰዓቱ ሲቀድም እንዳይገኝ ኮምፒዩተሩን አጠፋ።»

አዛዡ ሰዓቱን ማየት ተወ።

«ያ ሰው ከሰዓት በኋላ ምስክር ያለው መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ሰዓቱን ወደ ከሰዓት መግፋት ምን ይጠቅመዋል? የእህት ልጅና እናታችን ከሰዓት ብቻቸውን ነበሩ፤ የጠዋት ምስክር ግን አላቸው። ስለ አንዱ ጥርስ ሐኪሙን፣ ስለ አንዷ ባለ ወንበሮቹን ጠይቄአለሁ። ስልሳ ሰው የመሰከረልዎት እርስዎ ብቻ ነዎት፣ ፕሮፌሰር፤ ጠዋት ግን ማንም አላየዎትም።»

«ይኼ ግምት ነው» አሉ ፕሮፌሰሩ። ድምፃቸው እንደ ቀድሞው ዝግ ያለ ነበር።

«ቺፑን አውጥቶ ያስገባው ሰው የትኛው ወገን ወዴት እንደሚዞር አያውቅም። የእህት ልጅ ያውቃል፤ አጎቱ አሳይተውታል። እናታችንም ያውቃሉ፤ አሁን ሰምታችኋል።»

«ከአርባ ዓመት በኋላ ማን እንዲህ ያለ ነገር ያስታውሳል?»

«የነደፈው ሰው።»

ሽፋኑን ከፎቶው ላይ አነሣች። ትንሿ መርፌ ታየች። የግምጃ ቤት ኃላፊዋ ወደ መስኮቱ ዞሩ።

«ጋሽ አጉሊ ማክሰኞ ጠዋት ቺፑን አንሥተው ይህን አገኙ። ሁለት ጊዜ ስካን አደረጉት። ከዚያ ሳያስጠነቅቁዎት መጻፍ ነውር መስሎ ስለታያቸው ጠርተው አሳዩዎት። እርስዎ ሁለቱን ስካኖች ሰረዙ፣ ቺፑን መለሱ፣ ንጹሕ ስካን በቦታቸው አስቀመጡ፣ መደርደሪያውን ጣሉት። ቅዳሜ ሣጥኑ ከታሸገ በኋላ ያንን ቺፕ የሚነቅል ሰው አይኖርም። ቦርዱን አርባ ዓመት አልነካሁትም ብለውኛል። ላቦራቶሪው ዛሬ ጠዋት የላከልኝ ወረቀት ግን ቺፑ ሆድ ላይ፣ ቺፑ ሳይወጣ ሊነካ በማይችል ቦታ፣ የእርስዎ አውራ ጣት እንዳረፈ ይናገራል።»

ፕሮፌሰሩ አውራ ጣታቸውን አዩ። «ተናድጄ ነው» አሉ። «ገፋሁት። ከዚህ በላይ አላሰብኩም ነበር።»

«የተገፋ ሰው ማጅራቱ ላይ ጠባብ ቁስል አይኖረውም። እሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተውዎት፣ ስካነሩ ላይ ጎንበስ ብለው ነበር። አምነውዎት ነበር።»

ሃምሳ አለቃው የፕሮፌሰሩን ክንድ ይዞ አስነሣቸው። በሩ ጋ ሲደርሱ ፕሮፌሰሩ ወደ ሴትዮዋ ዞር ብለው አንድ ነገር ሊሉ ሞከሩ፤ እሳቸው ግን ፊታቸውን አልመለሱም። የእህት ልጅ ግድግዳውን ተደግፎ ተንሸራቶ ተቀመጠ፤ ያበጠ ጉንጩን በሁለት እጁ ይዞ ያለ ድምፅ አለቀሰ። አዛዡ «ጥሩ ሠርተሻል» ብሏት፣ ሪፖርቱን በአስቸኳይ እንደሚፈልግ አክሎ ወጣ።

ኢንስፔክተሯ ግን ደስታ አልተሰማትም። «ለምንድን ነው ያልነገሩኝ?» አለቻቸው ለሴትዮዋ። ሳታስበው ድምፅዋ ከፍ አለ። «ትናንት ከፊትዎ ቆሜ ‹ስለዚያ ቦርድ የሚያውቁት ነገር አለ?› ብዬ ጠየቅኩዎት።»

«አንቺ የጠየቅሽኝ ስለ ሞት ነው፣ ልጄ። በእኔ መስመር ምክንያት ሰው ይሞታል ብዬ እንዴት ላስብ?» ቀስ ብለው አሁን ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። «ያኔ ንድፍ ክፍል ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። መስመሮቹን በጥቁር ቴፕ ነበር የምንነድፈው፤ በምላጭ እየቆረጥን፣ አንድ በአንድ እየለጠፍን። አምስት ወር ፈጀብኝ። ሲያልቅ የኢንስቲትዩቱ ነው ተባለ፤ ከዚያ የእሳቸው ሆነ። እኔ አርግዤ ነበርና ወደ ግምጃ ቤት አዛወሩኝ። መጀመሪያ ላይ እናገራለሁ ብዬ እጠባበቅ ነበር። ከዚያ ልጅ መጣ፣ ሥራው በዛ። ቆይቶ ደግሞ መናገሩ ለእኔው ራሱ የሚያሳፍር መሰለኝ። ጋሽ አጉሊ ማክሰኞ ጠዋት ስልክ ደውለው ‹የምነግርሽ ነገር አለ፣ ከሰዓት ወደ እኔ ውጪ› አሉኝ። ሳልወጣ ቀረሁ፤ ደረጃው ከበደኝ።»

ኢንስፔክተሯ ደግ ነገር ልትናገር ፈለገች፤ አፏ ላይ የመጣው ሁሉ ከሽማግሌው ሞት ጋር ሲነጻጸር ቀልድ መሰላት።

«ቦርዱን ላየው እችላለሁ?» አሉ ሴትዮዋ።

«ማስረጃ ነው። ከፕላስቲኩ ማውጣት አይፈቀድም። ፍርድ ቤቱ እስኪጨርስ ድረስ... ዓመት፣ ምናልባትም ሁለት ዓመት።»

«ከነፕላስቲኩ ይበቃኛል።»

የታሸገውን ከረጢት አቀበለቻቸው። ሴትዮዋ ወደ ብርሃኑ ይዘው ዞር ዞር አደረጉት። ፊታቸው ላይ ኩራት ይወጣል ብላ ጠበቀች። እሳቸው ግን ቅንድባቸውን ቋጥረው፣ በቦርዱ ጥግ ላይ ከሌሎቹ ራቅ ብላ ዙሪያውን የምትሄድ አንዲት ቀጭን መስመር ላይ ጥፍራቸውን አሳረፉ።

«ይህቺን አየሻት? እዚህ ጋ በቀጥታ ማለፍ ነበረባት። ቴፑ አልቆብኝ በጥድፊያ ነው የጠመዘዝኳት። ሳምንት ጨምሩልኝ ብዬ ለምኜ ነበር፤ አልሰጡኝም።»

«ይሠራ የለ?»

«ይሠራል» አሉ ሴትዮዋ፣ ጥፍራቸውን ከመስመሯ ላይ ሳያነሡ። «ግን አያምርም።»